የመምህር ሐቅ፦ በቢቸናና በሞጣ ያስተማሩን የእንግሊዝኛ መምህርት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።



በዚህ እትም የምንማማረው ስለ መምህር ሐቅ ነው። ቁርኣን ስላስቀራን ኡስታዝ ሐቅ በሐልቃችን ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ አልሐምዱሊላህ፣ ይህን የሚዘነጋ ብዙ አይደለም። ፊደል ያስቆጠረን፣ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማረን፣ ለዩኒቨርሲቲ ያበቃን የትምህርት ቤት መምህርስ? እርሱም ሐቅ አለው? መምህሩ ሙስሊም ካልሆነስ?

ይህ ጥያቄ ከምሥራቅ ጎጃም ለመጣን ተማሪዎች የሩቅ ጥያቄ አይደለም። ያደግነው ሙስሊሞች በቁጥር ጥቂት በሆኑበት አካባቢ ስለሆነ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያስተማሩን መምህራን አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ናቸው። ስለዚህ ትምህርቱን በባዶ ሜዳ ከማቅረብ አንዲት የምናውቃቸውን መምህርት ይዘን ብንማማር ይሻላል።

1. መምህርታችን

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባውን መንገድ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በጀመዓችን ውስጥ ከቢቸናም ከሞጣም የመጣን አለን። እዚህ ግቢ ገብተን ስንተዋወቅ የሁለቱ ከተማ ልጆች የአንዲት የእንግሊዝኛ መምህርት ተማሪዎች ሆነን ተገኘን። መጀመሪያ ቢቸና አስተማሩ፤ ከዚያ ወደ ሞጣ ተዛወሩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ያስተማሯቸው ያውቋቸዋል። እኛ የምንጠራቸው እንደ ማንኛውም ተማሪ «ቲቸር» እያልን ነበር።

የሥራቸውን ክብደት ለመረዳት የአገራችንን ትምህርት ማሰብ ይበቃል። በ1986 ዓ.ል. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ አብዛኛው ሌላ ትምህርት የሚሰጥበት ቋንቋ ነበር። እስከ ትናንት በአማርኛ «ሕዋስ» ሲል የነበረ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውም፣ ጂኦግራፊውም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። እንግሊዝኛ ያልገባው ልጅ የሚወድቀው በአንድ ትምህርት ብቻ አይደለም። የ2014 ዓ.ል. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያት ይቀርባል፤ ጥያቄውን አንብቦ መረዳት አለመቻል ግን አንዱ እንደሆነ ፈተናውን የተቀመጥን ሁሉ እናውቃለን።

ቲቸር እንግሊዝኛን ያስጀመሩን ከአማርኛ ነው። «ልጁ ዳቦ በላ» ብለው ሰሌዳው ላይ ይጽፉና «ድርጊቱ የት ተቀመጠ?» ይላሉ። መጨረሻ ላይ። «እንግሊዝ ግን ‹ልጁ በላ ዳቦ› ነው የሚለው፤ ግሱን ከጭራ አንሡና ከባለቤቱ አጠገብ አስቀምጡት» ይላሉ። «ቤቱ» ስንል መጨረሻው ላይ ያለችው «ኡ» በእንግሊዝኛ «ዘ» ሆና ከፊት እንደምትመጣም ያሳዩን እንዲሁ ነው። ቋንቋችንን እንደ እንቅፋት ሳይሆን እንደ መወጣጫ ተጠቀሙበት። ገጠር ያደገ፣ እንግሊዝኛ ከክፍል ውጭ ሰምቶ የማያውቅ ልጅ የሚያውቀውን ይዞ ወደማያውቀው ይሻገር ነበር።

ሁለተኛው ልማዳቸው በቀን አምስት ቃል ነበር፤ አይበልጥም፣ አይጎድልም። ቃሉ፣ ትርጉሙ፣ ራሳችን የሠራነው አንድ ዓረፍተ ነገር። በሳምንት 25፣ በወር 100፣ በትምህርት ዓመቱ መጨረሻ ወደ 900 ይጠጋል። ጥቂት ግን የማይቋረጥ ሥራ አላህ ዘንድ ተወዳጅ እንደሆነ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ይህን ሐዲስ የሰማነው ከኡስታዛችን ነው፤ ለትምህርት እንዴት እንደሚሠራ ያየነው ግን ከቲቸር ነው።

ሦስተኛውን በተለይ የቂርኣት ቤት ልጆች አንረሳውም። በእንግሊዝኛ ምላስን በጥርስና በጥርስ መካከል አውጥቶ የሚነገር ድምፅ አለ፤ አማርኛ ውስጥ የለም። ስለዚህ አብዛኛው ተማሪ ወይ «ዝ» ወይ «ድ»፣ ወይ «ስ» ወይ «ት» ያደርገዋል። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ድምፁን አስተካክሎ ሲያወጣ ሰሙና «ከየት ተማርኸው?» አሉት። «ከቂርኣት ቤት» አለ። ነገሩ እውነት ነው፤ በዐረብኛ «ሣእ» እና «ዛል» የሚባሉት ፊደላት በትክክለኛው መኽረጅ ሲነገሩ ከእነዚያ የእንግሊዝኛ ድምፆች ጋር አንድ ናቸው። ተጅዊድ የተማረ ልጅ ለዚያ ድምፅ ምላሱ የተገራ ነው። ቲቸር ልጁን ወደ ፊት ጠርተው ለክፍሉ በሙሉ እንዲያስተምር አደረጉት። ከዚያ ቀን በኋላ «እናንተ በማትናገሩት ቋንቋ ስንት ሱራ በቃላችሁ ይዛችሁ የለ? አምስት ቃል ያቅታችኋል?» ይሉን ነበር። ቂርኣት ቤታችን ከትምህርት ቤት ያነሰ ቦታ እንዳልሆነ ከእኛ ውጭ ካለ ሰው አፍ ስንሰማ የመጀመሪያችን ነበር።

ፈረቃችን ከሰዓት በሚሆንበት ሳምንት የዓርብ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከጁሙዓ ጋር ይገጥማል። ቲቸር በዚያ ሰዓት አዲስ ትምህርት አይጀምሩም ነበር፤ ለክፍሉ ክለሳ ይሰጡና አዲሱን ለሰኞ ያቆዩታል። አንድም ቀን ይህን እንደ ውለታ አልነገሩንም። በሰው ስሕተት መሳቅም በክፍላቸው ክልክል ነበር። በዚህ የተነሣ አፏን ከፍታ የማታውቅ አንዲት እህታችን ቀስ በቀስ ማንበብ ጀመረች፤ በኋላ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የእንግሊዝኛ ዝግጅት አቅራቢ ሆነች። ዛሬ የጤና ተማሪ ናት።

2. ቋንቋ መማር በዲናችን

አንዳንድ ወጣት እንግሊዝኛን ለፈተና ሲባል የሚታገሡት ነገር አድርጎ ያየዋል። ሲራውን ብናነብ ግን ቋንቋ መማር ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ጀምሮ የተከበረ ሥራ ነው። አላህ በሱረቱ አር-ሩም 22ኛው አንቀጽ የቋንቋዎቻችንን መለያየት ከሰማያትና ከምድር መፈጠር ጋር አብሮ ከምልክቶቹ አንዱ አድርጎ ጠቅሶታል።

ዘይድ ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ.) ነቢዩ ወደ መዲና ሲመጡ ገና ልጅ ነበሩ። ነቢዩ የአይሁዶችን ጽሑፍ እንዲማሩ አዘዟቸው፤ ግማሽ ወር ሳይሞላ ተምረው ደብዳቤ የሚጽፉላቸውና የሚያነቡላቸው እርሳቸው ሆኑ። ያ የቋንቋና የጽሕፈት ተማሪ በኋላ በአቡ በክር (ረ.ዐ.) ዘመን ቁርኣንን በአንድ ጥራዝ የማሰባሰብ ከባድ አማና የተሰጣቸው ሶሓባ ናቸው። አላህ ለትልቅ ሥራ ሲያዘጋጃቸው ብዕርና ቋንቋ አስቀደመላቸው።

የበድር ምርኮኞች ታሪክ ደግሞ ለጥያቄያችን ይበልጥ ይቀርባል። በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ ከተማረኩት ቁረይሾች መካከል ቤዛ የሚከፍሉት ገንዘብ የሌላቸው ነገር ግን ጽሕፈት የሚያውቁ ነበሩ። የአንሷር ልጆችን ጽሕፈት ካስተማሩ ነፃ እንዲወጡ ተደረገ። አስተማሪዎቹ ሙስሊሞች አልነበሩም፤ እንዲያውም ትናንት ሰይፍ መዝዘው የመጡ ሰዎች ናቸው። ይሁንና ነቢዩ እውቀታቸውን አልናቁም፤ የእስረኛን ነፃነት ያህል ዋጋ ሰጡት። ሊዋጋ የመጣ ሰው ያስተማረው ጽሕፈት ይህን ያህል ዋጋ ካገኘ፣ በፍቅር ያስተማረ ጎረቤት ዋጋው ምን ያህል ይሆን?

3. ሴት መምህር

እህቶቻችን ይህን ክፍል ልብ ብለው ያንብቡት። አሽ-ሺፋእ ቢንት ዐብዲላህ (ረ.ዐ.) ጽሕፈት ከሚያውቁ ጥቂት የቁረይሽ ሴቶች አንዷ ነበሩ። የምእመናን እናት ሐፍሷን (ረ.ዐ.) ጽሕፈት ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን አውቀው ሩቅያም እንዲያስተምሯቸው ጠይቀዋል። የምእመናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከ2,000 በላይ ሐዲሶች አስተላልፈዋል፤ ዑርዋ ኢብኑ ዙበይርና ዐምራ ቢንት ዐብዱረሕማን ያሉ ታላላቅ ታቢዒዮች ከእርሳቸው ተምረዋል። በ463 ዓመተ ሂጅራ በመካ ያረፉት ከሪማ አል-መርወዚያ ደግሞ ሶሒሕ አል-ቡኻሪን ካስተላለፉት ታዋቂ ሊቃውንት መካከል ናቸው፤ እንደ አል-ኸጢብ አል-በግዳዲ ያለ ዓሊም ከፊታቸው ተቀምጦ ኪታቡን አንብቧል።

እንግዲህ በሴት መምህር ፊት በአደብ መቀመጥ ለዚህ ኡማ አዲስ ነገር አይደለም። ከእህቶቻችን መካከል «ትምህርት ጨርሼ መምህርት ብሆን ያንስብኛል» የምትል ካለች፣ ሐፍሷን ያስተማሩት ማን እንደነበሩ ታስብ።

4. ውለታ አለመርሳት

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰውን የማያመሰግን አላህንም እንደማያመሰግን ነግረውናል። በጎ የሠራልንን ሰው ውለታ እንድንመልስ፣ መመለሻ ካጣን የመለስን እስኪመስለን ድረስ ዱዓ እንድናደርግለት አዘዋል። በሐዲሱ ውስጥ «ሙስሊም ከሆነ» የሚል ቅድመ ሁኔታ የለም።

ተግባራቸውንም እንይ። ነቢዩ ከጧኢፍ ቆስለው ሲመለሱ መካ ለመግባት የሚከላከልላቸው ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። ሙጥዒም ኢብኑ ዐዲይ ልጆቹን አስታጥቆ ወጥቶ ከለላ ሰጣቸው። ሙጥዒም ሳይሰልም ከበድር በፊት ሞተ። የበድር ምርኮኞች በእጃቸው በገቡ ጊዜ ግን ነቢዩ አስታወሱት፤ ሙጥዒም በሕይወት ኖሮ ስለ እነዚህ ሰዎች ቢጠይቀኝ ለእርሱ ስል እለቃቸው ነበር የሚል መልእክት ያለው ንግግር እንደተናገሩ በሶሒሕ አል-ቡኻሪ ተዘግቧል። ሰውየው ሞቷል፣ ሙስሊምም አልነበረም፣ በድር ድል ሆኗል፤ ከእንግዲህ የሚፈለግ ጥቅም የለም። ውለታው ግን አልተረሳም።

የኸዲጃ (ረ.ዐ.) ወዳጆችም አሉ። ኸዲጃ ከሞቱ ከዓመታት በኋላ ነቢዩ በግ ሲያርዱ ለጓደኞቻቸው ሥጋ ይልኩ ነበር። የቆየ ወዳጅነትን ማክበር ከኢማን እንደሆነም አስተምረዋል።

ወደ ሞጣ እንመለስ። ሞጣ ሲባል ብዙ ሙስሊም ወዲያው ትዝ የሚለው ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ል. ነው፤ መስጂዶቻችንና የሙስሊሞች ሱቆች የተቃጠሉበት ቀን። ያ ቀን ሆኗል፤ እንዳልሆነ አናደርገውም፤ ሐቅም ሊረሳ አይገባም። ነገር ግን አላህ በሱረቱል ማኢዳ 8ኛው አንቀጽ ለሰዎች ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያርቀን አስጠንቅቆናል። በሱረቱል ሙምተሒና 8ኛው አንቀጽ ደግሞ በሃይማኖታችን ላልተዋጉንና ከቤታችን ላላስወጡን በጎ መዋልንና በፍትሕ ማስተናገድን አልከለከለም። ስለዚህ ሞጣን ስናስታውስ ሁለቱንም እናስታውስ፤ ያቃጠለውንም፣ ለጁሙዓ ስንሄድ ትምህርቱን ለሰኞ ያቆዩልንንም። መጥፎውን ብቻ የሚይዝ ትዝታ ሚዛን አይደለም። የአንዱን ጥፋት በሌላው ራስ ላይ የሚጭን ሰው የቲቸርን ሐቅ በልቷል።

5. ሐቁን እንዴት እንወጣ?

ሀ. ማመስገን። ያስተማረህን ሰው ስልክ ፈልገህ ደውልለት። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያስተማሩህን ቁጠር፤ ከእነርሱ ስንቱን ዩኒቨርሲቲ ከገባህ ወዲህ አነጋግረሃል? በምረቃ ቀን ፎቶ የሚላክላቸው ዘመዶች ዝርዝር ውስጥ መምህራንህን ጨምር። ጡረታ የወጣ መምህር ተማሪዬ የት ደረሰ ብሎ ያስባል፤ «ደርሻለሁ» የሚል አንድ ስልክ ደመወዝ የማይሸፍነውን ይሸፍናል።

ለ. ዱዓ። ኢማም አቡ ሐኒፋ ለመምህራቸው ለሐማድ ከወላጆቻቸው ጋር አድርገው ዱዓ ያደርጉ እንደነበር፣ ኢማም አሕመድም ለኢማም አሽ-ሻፊዒ ለዓመታት ዱዓ እንዳደረጉ ይታወቃል። በሕይወት ላለ ሙስሊም ላልሆነ መምህር ደግሞ አላህ ጤና እንዲሰጠው፣ ቤተሰቡን እንዲጠብቅለት፣ ወደ መልካሙ ሁሉ እንዲመራው ለምንለት። ዝርዝር ፍርዱን ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ።

ሐ. አደብ። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) የነቢዩ የአጎት ልጅ ሆነው ሳለ የዘይድ ኢብኑ ሣቢትን በቅሎ ልጓም ይዘው ቆመዋል፤ ለዓሊሞች የሚገባው ይህ ነው ብለው። ሙሳም (ዐ.ሰ.) በሱረቱል ከህፍ ኸዲርን ሊማሩ ሲከተሉ የጠየቁት እንደ ተማሪ በትሕትና ነው። በመምህር ቋንቋ ወይም አነጋገር መቀለድ፣ ሃይማኖቱን እያነሡ ከኋላ ማማት ከዚህ አደብ ጋር አይሄድም።

መ. ማስተላለፍ። ዋናው ይህ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው ሲሞት ሥራው ከሚቋረጥበት ውጭ ከሆኑት ሦስት ነገሮች አንዱ የሚጠቅም እውቀት መሆኑን ነግረውናል። ከ2015 ዓ.ል. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ምሥራቅ ጎጃምም ከዚህ አልተረፈም። እኛ በቀን አምስት ቃል በያዝንበት ዕድሜ ያሉ ታናናሾቻችን መምህር አጥተው ተቀምጠዋል። ይህ ለሌላ ሰው የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ሰላም ሆኖ ወደ ቤት መግባት የሚችል ሰው በክረምት ሐምሌና ነሐሴን ይጠቀም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ቢያስተምር በስምንት ሳምንት 24 ሰዓት ይሆናል። በየቀኑ አምስት ቃል ቢያስይዝ 120 ቃል፤ ከዚያ ጋር ግስ የሚቀመጥበትን ቦታና ያለፈ ጊዜን ካስረዳ ልጁ ትምህርት ቤት ሲከፈት ከዜሮ አይጀምርም። ቦታው የአንድ ሰው ግቢ ወይም የመስጂድ አጥር ግቢ ሊሆን ይችላል። ሰሌዳ ከሌለ ካርቶን ይበቃል። የጎረቤት ክርስቲያን ልጅ ቢመጣ አብሮ ይቀመጥ፤ እኛም ስንመጣ ተቀምጠናል። መንገዱ የማይመች ከሆነ በስልክ አንድ ታናሽ ወንድም ወይም እህት መያዝ ይቻላል፤ በሳምንት ሁለት ጥሪ ለአንድ ልጅ ብዙ ነው።

አላህ በሱረቱ አር-ረሕማን 60ኛው አንቀጽ የበጎ ሥራ ዋጋ በጎ ከመሆን ውጭ ሌላ እንደሌለ አስተምሮናል። ቲቸርን ልናስተምራቸው አንችልም፤ ትምህርቱን ለሌላ ልጅ ስናደርስ ግን ለእርሳቸው ከፈልን ማለት ነው።

ለሐልቃ ውይይት

1. ካስተማሩህ ወይም ካስተማሩሽ መምህራን መካከል እስካሁን ያልተመሰገነ ማን አለ? በዚህ ሳምንት ምን ይደረግ?
2. የበድር ምርኮኞች ታሪክ እውቀትን ከማን መውሰድ እንደሚቻል ምን ያስተምረናል?
3. በሙጥዒም ኢብኑ ዐዲይ ታሪክ ውስጥ ነቢዩ ውለታውን ያስታወሱት በምን ሁኔታ ውስጥ ነበር? ከእኛ ሁኔታ ጋር አነጻጽሩ።
4. ከየአካባቢያችሁ በመጪው ክረምት ማስተማር የሚችል ማን ነው? ስሙንና ወረዳውን ለጀመዓው የትምህርት ክፍል ያስመዝግብ።

አላህ የተማርነውን የሚጠቅመን ያድርግልን፤ የሚጠቅመንን ያስተምረን፤ ውለታ ከሚያስታውሱ ባሮቹ ያድርገን። ለቲቸርና በቢቸና፣ በሞጣ፣ በየገጠሩም ጠመኔ ይዘው ለቆሙ መምህራን ሁሉ ጤናና ሰላም ይስጥልን። የተዘጉትን ትምህርት ቤቶች በሰላም ይክፈትልን። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ፤ ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።